አሥራ አንድ ተኩስና አንድ ባርኔጣ

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲጀምር የጋዜጣውን ቁራጭ በሁለት እጄ ይዤ ስለነበር የምደገፍበት አጣሁና ሎቭዴይ ፓስኮ ጭን ላይ ወደቅሁ።

«ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ብታነቢው ምን ነበረበት?» አለችኝ እያቃናችኝ። «አምጪው፣ እኔ ላንብብልሽ።»

«ሦስት ጊዜ አንብበሽልኛል። አሁን በራሴ ዓይን ላየው ነው።»

«ያው ነው እኮ! አንቺ ስላየሽው አይለወጥም።»

እጇን ዘረጋች። እኔ ወረቀቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ሎቭዴይ ከእኔ ጋር በአንድ መንደር ያደገች፣ በአንድ መርከብ የመጣች ጎረቤቴ ናት። ነገር ስትደብቅ አንገቷ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ይወጣባታል። ያን ጠዋት አንገቷ ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ነበር። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከፊታችን ካፒቴን ሆስኪን በቅሎዎቹን ይነዳሉ። በላንተርን ሠፈር የብር ጉድጓዱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። እኛ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል የመጣን ሰዎች የጉድጓድ አዛዥን ካፒቴን ነው የምንለው፤ ባሕር ላይ ያዘዙት አንዳች መርከብ የለም። ለጸሎት ቤት ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ከተነሳን ጀምሮ በቅሎዎቹን ካልሆነ ማንንም አላናገሩም። ልጃቸው ኬዝያ ለልጄ ለጃቤዝ ታጭታለች። ታጭታ ነበር ልበል? እሱ የሚታወቀው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ፍሊንት ከተማ፣ ዳኛ ሂግቢ ፊት ነው።

ልጄ በሽጉጥ ሰው ሊገድል ሞክሯል ተብሎ ከታሰረ ሦስት ቀኑ ነው። ዳኛው ክሱን ካሳለፉት ወደ ግዛቱ ወህኒ ይላካል። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ካልሲውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ደግሞ አጥቤዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ጥቅምት፣ በሎቭዴይ ልጅ ሠርግ ዕለት ነው። በእኛ ዘንድ ሠርግ ያለ መስፍ አያምርም። መስፍ ማለቴ ቀጥቃጭ ብረቱን የሚመታበት ያ ከባድ ብረት ነው። አናቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ባሩድ ይሞላባታል፣ ሌላ መስፍ ተገልብጦ ይጫንበታል፣ ከዚያ በረጅም የጋለ ብረት ይለኮሳል። ተራራው ሲመልሰው መድፍ ነው የሚመስለው። ጃቤዝ የጉድጓዱ ቀጥቃጭ ስለሆነ የለኮሰው እሱ ነው። ሙሽራዋ አሜሪካ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበርና አሥራ አንድ ጊዜ ለኮሰ። ሁላችንም እልል አልን።

ከዚያ ከታች ከሸለቆው የሽጉጥ ድምፅ ሰማን። ስድስት ጊዜ። ጃቤዝ ብረቱን ጥሎ ብቻውን ሮጦ ወረደ። ሲመለስ እጁ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ባርኔጣ ይዟል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደለም፣ እማዬ። ተይው።»

ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣውም። ባርኔጣውን በማግስቱ ለባለቤቱ ለዊሊ ስቶክተን መለሰለት። ስቶክተን በበቅሎ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ያን ምሽት ክንዱ ተሰብሯል። መጠጥ ቤት ገብቶ ከአራት ሰው ጋር እንደተታኮሰ፣ አንደኛው የላንተርን ቀጥቃጭ እንደሆነ ማውራት ጀመረ። መጠጥ ቤት የሚወራውን ማን ከቁም ነገር ይጥፈዋል? ሦስት ወር ሙሉ ማንም ልጄን አልነካውም።

በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ይህ ወረቀት መጣ። የአገር ቤት ጋዜጣ ላይ የወጣ ደብዳቤ ነው። የፍሊንቱ ጋዜጣ አሳታሚ ሚስተር ራድ ቀድቶ አተመው። ጃቤዝ ትሪጊር ሽጉጡን መዞ አሥራ አንድ ጊዜ እንደተኮሰ፣ የስቶክተንን ባርኔጣ እንደበሳ ይናገራል። ያን ያነበቡ የፍሊንት ሰዎች ዳኛውን «ነፍሰ ገዳይ በመካከላችን ብረት ይቀጠቅጣል» ብለው አስጨነቋቸው። ካፒቴን ሆስኪን ደግሞ በሠርጉ ሰሞን ለውኃ መሳቢያ ግዢ ሳን ፍራንሲስኮ ነበሩ፤ በዓይናቸው ያዩት የለም።

«ካፒቴን፣» አልኳቸው ያን ጠዋት ጋሪው ላይ ከመውጣቴ በፊት፣ «ልጁን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ፣ ወይዘሮ ትሪጊር። የአገር ቤቱን ጋዜጣ ግን አባቴ አርባ ዓመት አንብቦታል። አንድ ቀን አልዋሸውም።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽጉጥ ለሚመዝ ሰው ልጄን አልሰጥም። ይህን በፊትዎ ብናገር ይሻላል።»

ስለዚህ ነው በራሴ ዓይን ላየው የፈለግሁት። ማንበብ የጀመርኩት በኅዳር ነው። ያስተማረችኝ ኬዝያ ናት፤ እሑድ ከጸሎት በኋላ ከሕፃናቱ ኋላ ተቀምጬ። ገና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነው የማነሳቸው። ጋሪው ላይ በአንድ ኩርባ አንድ ቃል፣ መንገዱ ቀና ሲል ሁለት።

ሎቭዴይ ሦስቱንም ጊዜ ስታነብልኝ ከ«ያን ምሽት» ነበር የምትጀምረው። እኔ ግን ሌላ ስለማላውቅ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

«አንዲት… በአሪዞና… የምትኖር… የአገራችን ልጅ… እንዲህ… ስትል… ጻፈች።»

«ያንን ዝለዪው፣» አለች ሎቭዴይ። «እሱ መግቢያ ነው።»

«ቀይዋ… ዶሮ…»

ሎቭዴይ ወደ ሰማይ ተመለከተች።

«ቀይዋ ዶሮ… ዘንድሮም… በሟቹ ባሌ… ጫማ ውስጥ… ትጥላለች።»

በቅሎዎቹ አንድ ሙሉ ኩርባ ዞሩ። ደግሜ አነበብኩት። ፊደሎቹ አልተለወጡም። በአሪዞና ግዛት ስንት ሴት ናት በሟች ባሏ ጫማ ውስጥ የምትጥል ቀይ ዶሮ ያላት?

«ሎቭዴይ።»

«እህ።»

«ይህ የእኔ ደብዳቤ ነው።»

«ቀስ በይ! ካፒቴን ይሰማሉ።»

«ለእህቴ ለሆነር የላክሁት! አንቺ የጻፍሽልኝ! እኔ የነገርኩሽ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጅሽ ሠርግ ነው። ተኩሱ ከየት መጣ?»

ሎቭዴይ የፊቷን ግማሽ በሻርቧ ሸፈነች። «ገጹ አልሞላ አለኝ፣» አለች።

«ምን?»

«ግማሽ ገጽ ባዶ ቀረ! ያ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ግማሽ ገጽ ባዶ ሲሄድ አያሳፍርም? ደግሞ አገር ቤት ያሉት ምን እንደሚጠይቁ አንቺ አታውቂም፣ መልሱን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ዶሮ ማን ጠየቀ? ስንት ሰው ተገደለ፣ ማን በማን ላይ ተኮሰ፣ እሱን ነው የሚሉት። ባሌ የስቶክተንን ወሬ ከመጠጥ ቤት ይዞ መጣ። እኔ ትንሽ አሳመርኩት። እህትሽ ለጋዜጣ ትሰጠዋለች ብዬ በምን ልገምት?»

«የእኔን ብቻ ነው ያሳመርሽው?»

አንገቷ እንደ ቲማቲም ሆነ።

«ሎቭዴይ፣ ለአሥራ አራት ሴት ነው የምትጽፊው።»

«የፊሊስ ባውደን ልጅ በአንድ ጥይት ሁለት ወንበዴ ጥሏል፣» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ዳቦ ጋጋሪው?!»

«ሽህ!»

ሳልወድ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ጋሪው የሚሄድበት ትዝ አለኝ። ብናገር ጓደኛዬን በካፒቴኑና በመላው ጸሎት ቤት ፊት ማዋረዴ ነው። አሥራ አራት ሴቶች የላኩትን ሳያውቁ እንደላኩ ይሰማል። እኔም ያላነበብኩት ወረቀት ላይ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክቴን አድርጌ ልጄን ያሳሰርኩ እናት መሆኔን አገር ያውቃል። ዝም ብል ግን ልጄ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ማንም የማያውቀው ፍርሃት ነበረኝ። ሎቭዴይ ተኩሱን ከራሷ አመጣችው እንበል። ያ የባርኔጣ ቀዳዳስ? ጃቤዝ ለምን ዝም አለ?

«ምንድን ነው ከኋላ የምትንሾካሾኩት?» አሉ ካፒቴን ሳይዞሩ።

«ስለ ዶሮ ነው፣ ካፒቴን፣» አለች ሎቭዴይ።

ዳኛ ሂግቢ ችሎት የሚያስችሉት የእንጨት ሥራ ቤታቸው ውስጥ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ፤ ሰው ሲካሰስ ደግሞ መጋዙን አስቀምጠው ዳኛ ይሆናሉ። ስንገባ ክፍሉ ሞልቷል። ከላንተርን በሌሊት የተነሱ የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የፍሊንት ሰዎች በሌላ ወገን፣ አዲስ አልጋ ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ጃቤዝ ጥግ ላይ ቆሞ የዳኛውን መጋዝ ይስላል። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ መፍታት አይወድምና ያለውን ብረት ሁሉ ስሎላቸዋል።

«በልተሃል?» አልኩት።

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

«ከስተሃል።»

«እመቤቴ፣» አሉ ዳኛው፣ «ልጅዎ ከእኔ እኩል ነው የሚበላው። ይቀመጡ።»

ኬዝያ የላከችለትን ምሳ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ነው። ጉድጓድ የሚወርድ ሰው የራሱን እንዲያውቅ የእኛ ሴቶች በጥጉ ላይ የስሙን ፊደል በሊጥ ያደርጋሉ። ዱሮ ያን ፊደል እንደ ሥዕል ነበር የማየው።

መጀመሪያ የቆመው ስቶክተን ነው። ክንዱ ድኗል፤ ጨርቁን ግን አሁንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከጥቅምት ወዲህ የጠጣውን አንዱንም እሱ አልከፈለም ይባላል።

«ከሸለቆው ግራና ቀኝ ከበቡኝ፣» አለ። «ሰባት ነበሩ።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው ሳምንት አምስት ናቸው ብለኸኛል።»

«ያኔ ገና በደንብ አላሰብኩበትም ነበር፣ ክቡር ዳኛ።»

«በመጠጥ ቤት አራት ነበሩ!» አለ አንዱ የእኛ ሰው።

«መጠጥ ቤት ጫጫታ አለ፣ መቁጠር አይመችም፣» አለ ስቶክተን። ሰው ሳቀ። እሱ ራሱ ሊስቅ ነበር፣ ያዝ አደረገው። ዓይኑ ግን ወደ ጃቤዝ አልሄደም። ልጄም መጋዙን እንጂ እሱን አላየም።

የችሎቱ ጸሐፊም ሚስተር ራድ ነው። ጋዜጣውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ ሰው ይሳሳታል። ይህ ግን ከስድስት ሺህ ማይል የመጣ ምስክርነት ነው። ስቶክተንን የማታውቅ፣ ከእኛ ምንም የማትጠቀም ቅን ሴት የጻፈችው—»

ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው፣ እኔ ገና አልቆረጥኩም ነበር።

«ስቶክተንን አውቀዋለሁ፣» አልኩ። «ዱቄት የሚያመጣልን እሱ ነው። ያ ደብዳቤ የእኔ ነው።»

ዳኛው «ልጅዎን ሲተኩስ አይተዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላየሁም። እንደዚያም አላልኩም።»

«ግን ጽፈዋል።»

«አልጻፍኩም። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። መስቀል ነው ያደረግሁበት። የእኔ ዶሮዋ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ሌላውን ማን ጻፈው?»

ወለሉን ተመለከትኩ። ስሟ አፌ ላይ መጣ፣ ሊወጣ ግን አልቻለም። የዕድሜ ልክ አብሮነት ቀላል አይደለም። ያኔ ከጎኔ የቀሚስ መንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ፣» አለች ሎቭዴይ። «ሎቭዴይ ፓስኮ። ከመጠጥ ቤት ወሬ ነው የወሰድኩት። ሽጉጥ መምዘዙንና ዓይኑ እንደ ብረት መቀዝቀዙን ግን ከራሴ ነው። ይቅር በሉኝ፣ ጥሩ ይመጣል ብዬ ነው።»

ካፒቴን ሆስኪን ቀስ ብለው ዞሩ። «ጋዜጣው ያተመውን አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?»

«እነሱ እኔን አምነው ነው ያተሙት፣ ካፒቴን።»

ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ መልሰው አደረጉት። «ባለቤቴ ለእናቷ የምትልከውንስ ማን ነው የሚጽፈው?»

«እኔ። ግን አብዛኛው የእሷ ቃል ነው! የባንኩ ብቻ ነው የእኔ።»

«የምን ባንክ?»

ሎቭዴይ ጫማዋን ተመለከተች። «እርስዎ ከወንበዴ ያዳኑት።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አልጋው ላይ የነበሩት ወደቁ። ካፒቴኑ ብቻ አልሳቁም። «ለዚህ ነው፣» አሉ ለራሳቸው ያህል፣ «የባለቤቴ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የምትልክልኝ።»

ዳኛው በመዶሻ ጠረጴዛ መቱ። «ጥሩ። ደብዳቤው የስቶክተን ወሬ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ነው። እንግዲህ የቀረን ራሱ ስቶክተን ነው። ግን አሥራ አንድ ድምፅ መሰማቱን ያን ምሽት በሸለቆው ያለፈ አንድ የመንገደኛ ጋሪ ነጂ ምሏል። ወጣቱ፣ ምን ነበር?»

«መስፍ ነው፣ ክቡር ዳኛ፣» አለ ጃቤዝ።

«ምን?»

ጃቤዝ አስረዳ። ባሩዱን፣ የሚገለበጠውን መስፍ፣ የጋለውን ብረት። ዳኛው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

«ሁለት መስፍ ደርቦ በባሩድ ማፈንዳት! ሠርግ ላይ! እንዲህ ያለ ነገር ማን ነው የሚያደርገው?»

«ሁሉም ሰው!» አልን የላንተርን ሰዎች በአንድ ድምፅ። የፍሊንት ሰዎች ተያዩ።

«በሉ አሳዩኝ፣» አሉ ዳኛው።

ከመንገዱ ማዶ የፈረስ ጫማ የሚመታበት ቤት አለ፤ መስፍ አይጠፋውም። ጃቤዝ ሲወጣ በበሩ ቆሞ «ሁላችሁም ጆሯችሁን ያዙ፣ ሕፃን ያላችሁ ራቅ በሉ» ብሎ ሁለቴ ተናገረ። ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግሁት። ስቶክተንም ሰምቷል፤ እንዲያውም «እኔ ምን አስፈራኝ» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ለኮሰው።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራ ከጣራው ወረደ፣ የውጪ ውሾች ሁሉ ጮኹ። ዳኛው «አምላኬ!» ብለው መዶሻቸውን ጣሉ። አቧራው ሲጠራ ስቶክተን የለም።

«የት ሄደ?»

ከጥግ ካለው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቦት ጫማ ወጥቶ ይታያል። የተሰበረ ነው የተባለው ክንድ ክዳኑን ከውስጥ አጥብቆ ይዞታል።

«ዊሊ፣» አሉ ዳኛው ጎንበስ ብለው፣ «ልክህ ነው? ለክቼ ልሥራልህ?»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ስቶክተን ራሱ ነው። እየሳቀ፣ ዓይኑን በእጁ እያበሰ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ደከመኝ፣» አለ። «እውነቴን ነው፣ ሦስት ወር ሙሉ ጀግና መሆን ደከመኝ። ይኸው ልናገር። ያን ምሽት ዱቄት ጭኜ ስወጣ ያ ነጎድጓድ ከላይ መጣ። በቅሎዋ ጣለችኝ፣ ቁልቋል ውስጥ። ክንዴ ያኔ ነው የተሰበረው። ቀና ስል ከቁጥቋጦው በላይ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አድፍጦ አየሁ። ሽጉጤን አውጥቼ ስድስቱንም ለቀቅሁበት።»

«ማን ነበር?» አሉ ዳኛው።

«የራሴ ባርኔጣ። ስወድቅ በርሮ ቁጥቋጦ ላይ አርፎ ነው።» ዝቅ ብሎ ጨመረ። «ከስድስቱ አምስቱ ስቷል።»

ያኔ የተሳቀውን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ጃቤዝ ከውጭ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እጁ በባሩድ ጠቁሯል። እሱ አልሳቀም።

«አንተ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉት ዳኛው።

«አውቅ ነበር። ስደርስ ባርኔጣውን ‹እጅህን አንሳ› እያለው ነበር።»

«ወህኒ ልትሄድ ነው እኮ! ለምን አልተናገርክም?»

ጃቤዝ ትከሻውን ሰበቀ። «እንዳትናገርብኝ ብሎኝ ቃል ሰጠሁት። በራሱ ባርኔጣ ላይ ለሚተኩስ ሰው ማን ዕቃ ያስጭነዋል? ራሱ እስኪናገር ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ከጥቅምት ጀምሮ ልጄ የደበቀኝ የሰው እፍረት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ተነስቼ ጆሮውን ልቆነጥጠው ፈለግሁ፣ ደግሞ ልስመው። ሰው ስለበዛ ካልሲውን ብቻ ሰጠሁት።

ስቶክተን ከሣጥኑ ወጥቶ እጁን ዘረጋለት። «አንተ ሰው፣» አለው፣ «ዕድሜህን ሙሉ ዱቄትህን በነፃ ነው የማመጣልህ።»

«በዋጋ አምጣልኝ፣» አለ ጃቤዝ፣ «ብቻ የቁልቋል እሾህ አይኑርበት።»

ዳኛው ክሱን ዘጉት። ለመዝገቡ ግን ቃሌን መፈረም ነበረብኝ። ሚስተር ራድ ሲጽፍ ቆይቶ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፣ ጣቱን ከታች አደረገ። «እዚህ ላይ መስቀል ያድርጉ፣ እመቤቴ።»

«አነበዋለሁ፣» አልኩ።

«ረጅም ነው።»

«አነበዋለሁ።»

ተቀምጬ ጀመርኩ። እስክጨርስ ዳኛው አንድ ወንበር ሸጡ፣ ለአንዲት ሙሽራ ጠረጴዛ ለኩ። በሁለተኛው ገጽ ስድስተኛው መስመር ላይ ጣቴ ቆመ። ደግሜ አነሳሁት። ኬዝያ እንዳስተማረችኝ ፊደል አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው።

«ሚስተር ራድ፣ እዚህ ‹ተከሳሹ ሽጉጡን አስቀምጦ ወደ ሸለቆው ወረደ› ይላል። እኔ ብረቱን ጥሎ ነው ያልኩት። መስፍ የሚለኮስበትን ብረት። ሽጉጥ የሚባል ማን አነሳ?»

ራድ ፊቱን አሻሸ። እንዲያውም ከልቡ የተገረመ ይመስል ነበር። «እጄ ለምዶ ነው፣» አለ። «ሃያ ዓመት የጻፍኩት መዝገብ ሁሉ ሽጉጥ አለበት። ካልገባ ጎዶሎ ይመስለኛል። ምን ቸገረዎት፣ ይፈርሙበት። እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማንም አያነበውም።»

«እኔ አነበብኩት፣» አልኩ።

ከኋላዬ ካፒቴን ሆስኪን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ራድ ብዕሩን አንስቶ ሽጉጡን ሰረዘና ብረት ብሎ ጻፈ። እንደገና አየሁት። ልክ ነው። ከዚያ ከታች ታምሲን ትሪጊር ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፣ የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጣ ብሎ ቀረ፣ ግን ስሜ ነበር።

ስንመለስ ጃቤዝ ከኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ምሳውን አወጣ። የእኛ ሰው ሁሌም ፊደል ያለበትን ጥግ ለመጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። ካፒቴኑ ዞረው አዩ።

«የማን እጅ ነው?»

«የኬዝያ፣» አልኩ። አሁን ማንበብ የምችል ስለሆንኩ መዋሸት አልሆነልኝም። ጥጉ ላይ የእሱ ፊደል ብቻ አልነበረም፤ የእሷም አጠገቡ ነበር።

«እኔ ሳልፈቅድ?»

«ካፒቴን፣ ሊጡ ትናንት ነው የተቦካው። እርስዎ እስኪወስኑ ቢጠበቅ ይደርቅ ነበር።»

ወደ በቅሎዎቹ ዞረው አንድ ኩርባ ነዱ። ልጄ ማኘኩን አቆመ።

«ወይዘሮ ትሪጊር፣» አሉ በመጨረሻ፣ «በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ ጸሎት ቤቱ ባዶ ነው። መስፍ ይለኮስ እንደሆነ ግን ቀድሞ ለስቶክተን ይነገረው።»

ጃቤዝ ምሳውን ጥሎ ጭንቅላቱን እጆቹ ውስጥ ቀበረ፤ ትከሻው ሲናወጥ እያለቀሰ መሰለኝ፣ እየሳቀ ነበር። ሎቭዴይ አቀፈችኝ። እኔ ሻርቤን ዓይኔ ላይ አደረግሁ፤ አቧራ ነው አልኩ፣ ማንም አላመነኝም።

ሠፈራችን ሲታይ ሎቭዴይ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። «ለሆነር ዛሬ ማታ ልጻፍልሽ? ስንት ነገር አለ!»

«እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«ምን ብለሽ?»

«ዶሮዋ ደህና ናት። ጃቤዝ ያገባል። ከአንድ ባርኔጣ በቀር የተተኮሰበት ማንም የለም።»

ሎቭዴይ አሰበችበት። «ባርኔጣውን ሰው ብናደርገውስ? ትንሽ ሰው?»

«ሎቭዴይ!»

«እሺ፣ እሺ። ለሁሉም እጽፋለሁ፣ ያልሆነውን ሁሉ አስተባብላለሁ። የዳቦ ጋጋሪውንም፣ የባንኩንም፣ ሁሉንም።»

ካፒቴኑ በቅሎዎቹን ገታ አደረጓቸው። ጋሪው ዝግ አለ። ወደ እኛ አልዞሩም፤ ጀርባቸውን ብቻ ነው ያየነው፣ በጥቁሩ የጸሎት ቤት ኮት ውስጥ ቀጥ ብሎ።

«ወይዘሮ ፓስኮ፣» አሉ፣ «የባንኩን ለጊዜው ተዪው።»